የታመመው ግድግዳ

ወንድሜ ደውሎ «አባባ በላቡ ላቆመው ቤት ጥሩ ገዢ መጣ» ሲለኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። በላቡ ይላል! አባቴ ለዚያ ቤት አንዲት ድንጋይ አላነሳም። ቀለም ቀቢ ነበር፤ ሌላ ሰው ሠርቶ የጨረሰው ቤት ውስጥ ብሩሽ ይዞ ገብቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ወንድሜም ይህን አያጣውም። በኛ ቤት ግን ውሸት ሲቆይ እንደ ትልቅ ቁምሳጥን ይሆናል፤ ማንም አያንቀሳቅሰውም፣ ሁሉም ዞሮት ያልፋል።

«ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረን» አለኝ።

«መጀመሪያ ቤቱን ልየው።»

«ምኑን ነው ደግሞ የምታዪው? ያደግሽበትን ግድግዳ?»

«አዎ፣ ግድግዳውን» አልኩትና ዘጋሁበት። እሱ ያኔ ገና አልተወለደም። እኔ ግን ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ቆሽቴን የሚያሳርረኝም መኖሬ ነው።

ስምንት ዓመቴ ነው። ቤቱ ሦስት ክፍል አለው። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ላይ እግሬን አጣጥፌ መቀመጥ እችላለሁ። የሳሎኑ ጣውላ ሲረገጥ ያቃስታል፤ ማን ወደ የትኛው ክፍል እንደሄደ ሳናይ ከድምፁ እናውቃለን። ውስጠኛው ክፍል የእኔ ነው። ፍራሼ መሬት ላይ ግድግዳውን ተጠግቶ ተነጥፏል።

አባቴ ደስ ሲለው ደግ ነበር። ይህን መናገር አልወድም፤ ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለኝ። እሑድ እሑድ ምላጭ ያወጣና ከክፍሌ በር ጀርባ፣ ሰው በማያየው ጥግ፣ ቀለሙን በስሱ እየላጠ ያሳየኛል። ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ አምስት ቀለም በተርታ ይወጣል።

«ይኸውልሽ፣ ክሬሙ እኛ ነን» ይለኛል። «ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ልብስ ሰፊው ነው። ከሰው ይልቅ ከስፌት መኪናው ጋር ነበር የሚያወራው አሉ። ከጣውላው መሀል እየወጣ እግራችንን የሚወጋን ስፒል ሁሉ የሱ ነው። ቡናማው ደግሞ ጡረታ የወጣው ፖሊስ ነው። ጣቢያው ቢናፍቀው ግድግዳውን እስከ ደረቱ ድረስ በዘይት ቀለም አስቀባው። አረንጓዴው ነርሷ ናት፤ ሆስፒታል ውላ ሆስፒታል ታድር ነበር ማለት ነው።»

ሁለታችንም እንስቃለን።

«ነጩስ?»

«ነጩ ኖራ ነው። እሱ ግንበኛው ነው፤ ቤቱን የሠራው።»

«የት ሄደ?»

«ሞተ።»

«ልጆቹስ?»

«ልጅ የለውም» ይልና ምላጩን ወረቀቱ ውስጥ ይመልሰዋል። ጨዋታችን ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነበር። ምላጩ እንዳይቆርጠኝ አስቦ ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን እናቴ ልትሞት ስትል ነገረችኝ። ግንበኛው፣ ሚስቱ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዛ ጥላው ከሄደች በኋላ፣ ዋናውን ቤት እያከራየ እሱ ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖር ነበር። ልብስ ሰፊው ሲለቅ አባቴን ቤቱን እንዲቀባለት ጠራው። አባቴና እናቴ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፤ ሥራው እስኪያልቅ ብለው ውስጠኛው ክፍል ውስጥ አደሩ። ግንበኛው ታመመ፤ እናቴ አስታመመችው፤ ሞተ። ማን ናችሁ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ግንበኛው በሞተ በዘጠነኛው ዓመት ልጅየዋ መጣች።

መጀመሪያ ያየኋት መንገድ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት ነው። ቀጭን ሴትዮ ናት። የሹራቧ አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ አይመሳሰልም፤ ወረቀት የሞላው ፌስታል ደረቷ ላይ አቅፋለች። በራችን ፊት ቆማ ጣሪያውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የኔ እናት፣ ውስጠኛው ክፍል ማነው የሚተኛው?»

«እኔ።»

«ጠዋት ፀሐይዋ የምትገባው እግርሽ ጋ ነው ራስጌሽ ጋ?»

«እግሬ ጋ።»

«አሁንም እግር ጋ ናት» አለች። ለእኔ አልነበረም ያለችው። ፌስታሏን አጥብቃ ይዛ ሄደች።

ለእናቴ ስነግራት የያዘችው ሳህን ከእጇ አመለጠ። «ፀሐያችንን ነው እኮ የጠየቀችኝ፤ ልትሰርቀን ነው?» ብዬ ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም። ስብርባሪውን እየለቀመች ሴትዮዋ ምን ለብሳ እንደነበር፣ ወረቀት ይዛ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደነበረች ደጋግማ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለትምህርት ቤት ጫማዬን ሳስር ሁለቱም ሳሎን ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ውስጠኛው ክፍል ነው ብላ አመልክታለች» አለ አባቴ። «ዓርብ ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ያዩታል።»

«ካለስ?»

«ካለማ ዕቃችንን ተሸክመን መንገድ ላይ ነን።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለ ወሬ ነው። በወሬ ማን ቤት ይሰጣል?»

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፍሌ ውስጥ እኛን መንገድ ላይ የሚያወጣ ክፉ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አስተማሪዋ የምትለው አልተሰማኝም። ምን ይሆን እያልኩ ዋልኩ።

ስመለስ አባቴ ሥራ ሳይሄድ ቀርቷል። ክፍሌ ውስጥ ተንበርክኮ ግድግዳውን በሁለት መዳፉ ይዳስሳል፣ በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል። ሐኪም መስሎ ታየኝ።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ግድግዳው ታሟል» አለ። «እርጥበት ገብቶበታል። ቦታውን ካላገኘሁት ይዛመትና ቤቱን ይዞት ይወድቃል።»

ይኸው! ጠዋት የሰሙት ጆሮዎቼ አልዋሹም። ደግሞ ቦታውን አውቀዋለሁ! ፍራሼ ራስጌ፣ ተኝቼ እጄ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር እንደ ድሮ ቁስል ጠባሳ የሚሻክር ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ከመነሳቴ በፊት በጣቴ እከተለዋለሁ፤ ወጣ፣ ገባ፣ ዞር ይላል። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የራሴ ነገር ነበር።

«አባባ፣ እኔ አውቀዋለሁ!» አልኩ።

ፍራሹን ጎትቼ እጁን ይዤ ቦታው ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ የቀለም መፋቂያውን አነሳ። ክሬሙ ረገፈ፤ ሰማያዊው፣ ቡናማው፣ አረንጓዴው ረገፈ፤ ከዚያ ነጩ መጣ። ነጩ ላይ በሚስማር የተቆፈረ ጽሑፍ አለ።

«አንብቢው እስኪ፤ መነጽሬ የለችም» አለኝ። አባቴ መነጽር ኖሮት አያውቅም። ፊደል አለመቁጠሩን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ገና ማንበብ እየለመድኩ ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ጣቴን እያስከተልኩ፣ እንደ ትምህርት ቤቱ ጮክ ብዬ አነበብኩ። መጀመሪያ ስም ነው። ከዚያ «በዚህ ቤት ሐሙስ ጠዋት ተወለደች» ይላል።

«ማናት የተወለደችው?» አልኩት።

«ማንም። ግንበኛ ሲሰለቸው እርጥብ ልስን ላይ ይሞነጫጭራል። እርጥበቱ የገባው በዚህ ሽንቁር ነው።» ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ ልጅ። ዓይንሽ አይደለም፣ ጣትሽ ራሱ ያያል። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

በዕድሜዬ የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ልጅቷን አስወጣትና ብቻህን አድርገው» አለችው።

«ያገኘችው ልጄ ናት፤ ልጄ ትረዳኛለች።»

«እኔ ነግሬሃለሁ።»

«ነግረሽኛል። አሁን ሂጂ።»

እግሯ ጣውላውን እያስቃሰተ ወደ ጓዳ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። እናቴ የቀናች መሰለኝ። አልቀናችም፤ ፈርታ ነው። የሞት አልጋዋ ላይ ሆና «እኔ አፌን የዘጋሁት ለናንተ ብዬ ነው» ስትለኝ፣ የምወዳትን የእናቴን እጅ ከእጄ ላይ አነሳሁ። ለእናንተ ብዬ! በኛ ስም ስንቱን ዋጡት።

አባቴ መሮና መዶሻ አመጣ። እኔ ባልዲ ያዥ ሆንኩ። መሮው በገባ ቁጥር ልስኑ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ አቧራው ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፤ አባቴ «የታመመውን እስከ ሥሩ ነው» ይላል፣ እኔ ደግሞ «እስከ ሥሩ!» እላለሁ። ባልዲው ሲሞላ በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ከውጭው በር ጎን ደፋሁት። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ጉድጓዱን በጄሶ ሞላው፤ ቶሎ ይደርቃል አለኝ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው።

«አሁን ቀለም ምረጪ» አለኝ። «ክፍሉ በሙሉ ያንቺ ነው።»

«ቢጫ!»

«ቢጫ ይሁን። አንድ ነገር ግን አለ» ብሎ ቁጢጥ አለ፤ ፊቱ ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ። «ግድግዳው መታመሙን ለሰው አትናገሪ። ቀለም ቀቢ ሆኖ የገዛ ቤቱን ግድግዳ አሳመመ ብለው ይስቁብኛል። ማን ሥራ ይሰጠኛል ከዚያ በኋላ?»

በአባቴ የሚስቅበት ሰው ቢመጣ የምነክሰው ነው የመሰለኝ። «ለማንም አልናገርም» አልኩ፤ ቃሌንም ጠበቅኩ። ያ ሰው ልጁን ያውቃት ነበር። የትኛው ገመዴ ሲጎተት እንደምመጣ አውቆ እሱን ብቻ ጎተተው።

ዓርብ ከሰዓት መጡ። ፋይል ያቀፈ ሰውዬ፣ መዶሻ የያዘ ወጣት፣ ከኋላቸው ባለ ሹራቧ ሴትዮ። ማንም ሳያሳያት ሳሎኑን አቋርጣ ቀጥ ብላ ወደ ክፍሌ ገባች። ክፍሌ በር ፊት ያለውን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያቃስተውን ጣውላ ዘላ አለፈችው። ከእኛ ቤት ሰው በቀር ያንን ጣውላ የሚዘል አልነበረም፤ እኔም ገርሞኝ አየኋት እንጂ ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

ፍራሼ ራስጌ ቁጢጥ ብላ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«አትንኪው!» ብዬ ጮህኩ። «ይታመማል!»

እጇን ስታነሳ መዳፏ ሙሉ ቢጫ ሆኗል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ሳቀ። «ልጄ ናት፤ ቀለሟን የሚነካባት ሰው ትጠላለች።»

«ዛሬ ነው እንዴ የቀባኸው?» አለ ባለ ፋይሉ።

«ቀለም ቀቢ ቤት ቀለም መቼ ደርቆ ያውቃል፣ ጌታዬ?»

ሰውዬው ሳቀ፤ ወጣቱም ሳቀ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅኩ።

«እዚህ ጋ ነው» አለች ሴትዮዋ። «እዚሁ ነው። አባቴ እጄን እየያዘ ያስዳስሰኝ ነበር። በናታችሁ ይፋቅ።»

ወጣቱ በመዶሻው ጥፍር ፋቀው። ቢጫው ተነሳ፤ ከሥሩ ለስላሳ ነጭ ታየ። ትንሽ ሰፋ አደረገው፤ ያው ነጭ ነው።

«እሜቴ፣ ባዶ ነው» አለ ባለ ፋይሉ። «ሌላ ምን ማስረጃ አለዎት? የልደት ወረቀት?»

«በምን ወረቀት? በዚያን ጊዜ ለማን ወረቀት ይሰጥ ነበር? አባቴ ወረቀቴ ይሄ ነው ብሎ ግድግዳ ላይ ጻፈልኝ እንጂ!»

«ግድግዳውን አየነው እኮ፣ እሜቴ።»

ሴትዮዋ አባቴን አየችው። እሱ ብሩሹን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ፀጉር በፀጉር እየለየ ይጠርጋል። ንጹሕ ብሩሽ ነበር።

እኔ ነገሩ ሰልችቶኝ ወደ መንገድ ወጣሁ። ሰኞ ማክሰኞዬን በዚያው ልስን ስብርባሪ አስምሬዋለሁ፤ እንደ ጠመኔ ግሩም አድርጎ ይጽፋል። አንዱን ጠፍጣፋ ስባሪ ደግሞ መወርወሪያ አድርጌዋለሁ፤ መሬት ላይ ቁጭ ሲል አይንከባለልም። እሱን ወርውሬ በአንድ እግሬ ስዘል ሰዎቹ ወጡ። ሴትዮዋ መስመሬን ልትሻገር ስትል እግሯ ሥር ያለውን ስባሪ አየች። ጎንበስ ብላ አነሳችው። ገለበጠችው።

አንዲት ሙሉ ፊደል ነበረችበት።

«ጌታዬ!» አለች። «ጌታዬ፣ ይምጡ! ይዩት!» ድምፅዋ ቀጥኖ ተሰበረ። ባለ ፋይሉ የመኪናውን በር ከፍቶ ነበር፤ ተመለሰ። ስባሪውን ተቀብሎ አየው፣ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። አላየኝም። ጨርቁንና ብሩሹን ብቻ ነው የሚያየው። ሴትዮዋ ግን ታየኛለች፤ ቢጫ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የምለውን ቃል ከአፌ ልትቀበል እጇን የዘረጋች ይመስል ታየኛለች። እኔ ደግሞ ሰዎቹ በአባቴ ሲስቁበት ታየኝ። የገዛ ቤቱን ግድግዳ ያሳመመ ቀለም ቀቢ ሲሉት።

«ከመንገድ ነው ያገኘሁት» አልኩ።

«ከየትኛው መንገድ?»

«ከዚያ ማዶ። ቤት የሚያፈርሱ ሰዎች ጋ።» ማንም አላስጠናኝም። ራሴ ነኝ የጨመርኩት።

ሰውዬው ስባሪውን ለሴትዮዋ መለሰላትና ፋይሉን ዘጋ። «ልጅ አይዋሽም፣ እሜቴ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ ያንን ስባሪ ይዛ እንድትሄድ እጸልይ ነበር ብል ደስ ባለኝ። የጮህኩት ግን «የኔ ነው! መልሺልኝ!» ብዬ ነው።

መጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጀርባው ላይ የአውራ ጣቷ ቢጫ አሻራ ቀርቷል። «እንግዲያው ያንቺ ይሁን» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ፣ በጥፊ ብትለኝ፣ ፀጉሬን ብትነጨው ምን ነበረበት! ያን ጊዜ ቢያንስ አንድ ነገር እንደበደልኩ አውቅ ነበር። ፌስታሏን አቅፋ ሄደች፤ እኔ ስባሪውን ወርውሬ ጨዋታዬን ቀጠልኩ። እስኪያልቅ ድረስ ተጫወትኩበት። የኖራ ስባሪ ነው፤ ሳምንት አልቆየም።

ከወንድሜ ጋር በስልክ በተነጋገርን በሦስተኛው ቀን መፋቂያ ይዤ ቤቱ ገባሁ። ቤቱን ተከራይተው የኖሩት ሰዎች ለቀዋል፤ ጣውላው አሁንም ያቃስታል። ራስጌዬ የነበረውን ቦታ ቁጢጥ ብዬ ፋቅኩ። እንግዲህ ምን እንደጠበቅኩ ልናገር፤ ሞኝነቴ ይታወቅ። መሮውን በዓይኔ አይቼ፣ ባልዲውን በእጄ ተሸክሜ፣ አንዲት ጥግ፣ አንዲት የስሟ ፊደል ተርፋ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ጄሶ ነው። ዙሪያውን አሰፋሁ፤ ጄሶ፣ ከዚያ የድሮዎቹ ቀለሞች፣ ከሥራቸው ባዶ ኖራ። ጥፍሬ እስኪደማ ቧጠጥኩ፤ ያ ሰው በሕይወቱ እንደዚያ አድርጎ ንጹሕ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ፋይሉ ያለበትን መሥሪያ ቤት ጠየቅኩ። ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶበት የዚያን ዘመን ወረቀት ሁሉ ከጨረሰው ቆይቷል አሉኝ። የሴትዮዋን ስም ንገሪንና ሌላ ቦታ እንፈልግልሽ አሉኝ። ስሟን! አንዲት ፊደሉ እንኳ አትመጣልኝም። የአባቴ ትንፋሽ የቀለም ማቅጠኛ ይሸት እንደነበር አስታውሳለሁ። የሹራቧ ቁልፍ ትዝ ይለኛል። ስሟን ግን ሳነብ ከፊደሎቹ ይልቅ የአባቴን ፊት ነበር የማየው፣ ጎበዝ ይለኝ እንደሆነ።

አባቴ ወንድሜ ቤት ነው፤ ሰማንያን አልፏል፤ እጁ ብሩሽ መያዝ ትቷል፣ ጭንቅላቱ ግን ደህና ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ስሟ ማን ነበር?» አልኩት።

«የማን?»

«ታውቃታለህ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ቢጫው ያምር ነበር» አለ። «አንቺ ነሽ የመረጥሽው።»

«ስሟን ንገረኝ አባባ!» ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ። «የሰው ቤት ወስደህ፣ በልጅህ አፍ አስዋሽተህ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በላቤ እያልክ፤ ስሟን እንኳን ንገረኝ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ያፈረ አይመስልም። «እኔ መቼ አነበብኩት?» አለ። «ያነበብሽው አንቺ ነሽ።»

ተነስቼ ወጣሁ። ደህና ዋል አላልኩትም። ወደ ቤቱ ተመልሼ ጄሶውን በእርጥብ ጨርቅ አራስኩትና ሚስማር አነሳሁ።

በማግስቱ ወንድሜ ገዢውን ይዞ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ ነበር። መሬቱ ላይ የቀለም ልጣጭ ተቆልሏል፤ ቢጫ፣ ክሬም፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ።

«ምን አድርገሽ ነው ቤቱን?» አለ፤ ፊቱ ቀላ።

«አንብበው።»

ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ስም የሚበቃ ባዶ ቦታ ትቻለሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው ያነበበው። «በዚህ ቤት ሐሙስ ጠዋት ተወለደች።» ዞሮ አየኝ። «ማን?»

«ባዶው ቦታ ሲሞላ እፈርማለሁ» አልኩት።